ከቫልቮላ ወደ ብሬከር፦ የቤት ውስጥ ማከፋፈያ ሰሌዳ ታሪክና የሐዋሳ ፒያሳ ቤቶች

መግቢያ

የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሡት ግድቦች ናቸው። አባ ሳሙኤል፣ ቆቃ፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተራ ይዘረዘራሉ። ታሪኩ በሜጋ ዋት ይለካል፤ በከፍተኛ መሥመሮች ርዝመትም ይመዘናል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከሰው ልጅ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በግድቡ ሥር ሳይሆን በቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው አነስተኛ ሰሌዳ ዘንድ ነው። ከቆጣሪው የሚመጣው ኮረንቲ ለመብራቱ፣ ለሶኬቱና ለምጣዱ የሚከፋፈለው ከዚያ ነው፤ አደጋ በደረሰም ጊዜ ኃይሉ መቋረጥ ያለበት እዚያው ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚህችን ሰሌዳ ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ይሞክራል። ለምሳሌነት የተመረጡት በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ ተብሎ በሚጠራው የመሐል ከተማ ሠፈር የሚገኙትን የመሰሉ ቀደምት ቤቶች ናቸው። በነዚህ ቤቶች የደኅንነት ምርመራ ሲደረግ የሚገኘው ጉድለት የአንድ ባለቤት ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። የሥልጣኔ አገባባችን፣ የቤት ይዞታ ሕጋችንና የአመጋገብ ልማዳችን ጭምር በአንድነት ያስከተሉት ነው። ይህን የተረዳ ባለሙያ ሰሌዳውን ሲለውጥ ምን እንደሚለውጥ ያውቃል።

«መብራት» የሚለው ስም

የኤሌክትሪክ ብርሃን በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1898 ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጄኔሬተር እንደሆነ ይነገራል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተባለ። ሕዝቡም ስሙን አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው። መሥሪያ ቤቱ በ1989 ዓ.ም. ወደ ኮርፖሬሽንነት ከተለወጠና በ2006 ዓ.ም. ኃይል አመንጪውና አገልግሎት ሰጪው ተቋም ከተለያዩ በኋላም ይኸው ስም ከሰው አፍ አልወጣም።

ይህ የስም ጉዳይ ከቁም ነገር መቆጠር አለበት። ኃይል ሲቋረጥ የምንለው «መብራት ጠፋ» ነው። የፍጆታውን ክፍያም «የመብራት ሒሳብ» እንላለን። ምጣዱ፣ ማቀዝቀዣው፣ ውኃ ማሞቂያውና የወፍጮው ሞተር ሁሉ በቋንቋችን «መብራት» በሚለው ቃል ሥር ተጠቃለው ይኖራሉ። ቀደምት ቤቶቻችንም የተዘረጋላቸው ሽቦ ይህንኑ አሳብ የተከተለ ነበር። በየክፍሉ አንድ አምፑል፣ በሳሎኑ አንድ ወይም ሁለት ሶኬት፣ በበሩ አጠገብ ደግሞ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተመቱ ሁለት የነጭ ሸክላ ፊውዞች፤ ይኸው ነበር ጠቅላላ ዝርጋታው።

ፊውዙን ጣሊያኖች ቫልቮላ ይሉታል፤ ስፒናም ከነርሱው ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ለፒያሳ ስምም መነሻው ይኸው ቋንቋ ነው። ሐዋሳ የተቆረቆረችው ጣሊያን ከአገር ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የሠፈሩ ስም የመሐል ከተማ መጠሪያ ሆኖ በአገራችን ሰዎች አንደበት የተላለፈ መሆኑ ግልጽ ነው። በኤሌክትሪክ ሥራም ቃሉና ልማዱ እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

የመከላከያው አሳብ እንዴት አደገ

የኤሌክትሪክ ሕግ በዓለም ላይ የተወለደው ከእሳት ፍራቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በለንደን የወጣው የመጀመሪያው የሽቦ ዝርጋታ ደንብ ርእሱ ራሱ ከኤሌክትሪክ መብራት የሚመጣን የእሳት አደጋ ስለ መከላከል የሚናገር ነበር። ቶማስ ኤዲሰን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1880፣ ለፊውዝ የባለቤትነት መብት አግኝቷል። የፊውዝ አሳብ ቀላል ነው። በመሥመሩ ውስጥ ሆን ተብሎ ደካማ የሆነ ቁራጭ ሽቦ ይገባል፤ ኮረንቲው ከመጠን ሲያልፍ ያ ቁራጭ ቀልጦ የቀረውን ያድናል።

የፊውዝ ድክመቱም ከዚሁ ቅለቱ የሚመነጭ ነው። የቀለጠውን ሽቦ የሚተካው ማንም ሊሆን ይችላል፤ የሚተካበትም ማንኛውም ሽቦ ሊሆን ይችላል። ለ5 አምፔር በተዘጋጀ መያዣ ውስጥ ከተራ ገመድ የተመዘዘ የመዳብ ክር መጠምጠም በየከተማው የታየ ነገር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በአየር ላይ ሆኖ ለመቅለጥ 80 አምፔር ያህል ይፈልጋል። እንዲህ ያለው «ፊውዝ» በተገጠመበት ቤት አስቀድሞ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው።

ይህን ድክመት ያስወገደው ዛሬ ብሬከር የምንለው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን አገር የማንሃይሙ የሁጎ ሽቶትስ ድርጅት በፊውዝ ፈንታ የሚገባ አነስተኛ አውቶማቲክ ማቋረጫ አስመዘገበ። በውስጡ ሁለት ጠባቂዎች አሉት። አንደኛው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ዘንግ ሲሆን፣ መጠነኛ ጫና ለረዥም ጊዜ ሲቆይ ቀስ በቀስ ሞቆ በመጉበጥ መሥመሩን ይከፍታል። ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ የሚፈጠረው ከፍተኛ ኮረንቲ በቅጽበት ማግኔት አድርጎት መሥመሩን ይበጥሳል። ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ ጣት ብቻ ይመልሰዋልና ባለቤቱ መዳብ ለመጠምጠም የሚገፋፋው ነገር የለም።

ሆኖም ፊውዙም ሆነ ብሬከሩ በዋነኛነት የሚጠብቁት ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። በሰው አካል ላይ ሞት ለማድረስ ከ1 አምፔር በእጅጉ ያነሰ ኮረንቲ ይበቃል፤ 16 አምፔር የሚሸከም ብሬከር ግን ይህን እንደ አንዲት አነስተኛ አምፑል ቆጥሮ ያሳልፈዋል። ክፍተቱን የሞላው በወጪና በተመላሽ ኮረንቲ መካከል ያለውን ልዩነት የሚመዝነው መሣሪያ ነው። በአህጉራችን፣ በደቡብ አፍሪካ፣ መሐንዲሱ ሄንሪ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በወርቅ ማዕድን ሥራ የሚደርሰውን የኮረንቲ አደጋ ለመግታት የሠራው ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የዛሬው የቤት ውስጥ መሣሪያ የአንድ አምፔር ሠላሳ ሺሕኛ፣ ማለትም 30 ሚሊ አምፔር፣ ከመሥመሩ አምልጦ በሰው ወይም በመሬት በኩል ከተመለሰ ከአንድ ሴኮንድ ሢሶ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቆርጣል።

የፒያሳ ቤቶችና የጫናው ማደግ

ሐዋሳ፣ በቀድሞው አጻጻፍ አዋሳ፣ ከቆቃ ኃይል ማመንጫ ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራውና 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ቆቃ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። ከተማይቱ ከሐይቁ ዳር ተነሥታ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትን ከይርጋለም ተረከበች። ቀጥሎም የደቡብ ክልል፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዚያ ዘመን እንደ ተሠሩት እንደ ሌሎች ከተሞቻችን ቤቶች ሁሉ፣ የቀድሞዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በእንጨትና በጭቃ የቆሙ፣ በቆርቆሮ የተከደኑ፣ ኮርኒሳቸው አቡጀዲ የሆነ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጣራ ሥር የሚያልፍ የጋለ ሽቦ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለባልደረቦች ማስረዳት አያሻም።

ለምሳሌ ያህል አምስት ባለ 60 ዋት አምፑሎች የነበሩትን ቤት እንውሰድ። ሁሉም በአንድነት ቢበሩ ጫናው 300 ዋት፣ በ220 ቮልት 1.4 አምፔር ያህል ነው። ለዚህ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ከበቂ በላይ ነበር። በኋላ ግን ኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ። ምጣዱ በአማካይ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። አንዲት ምጣድ ከቤቱ መብራት ሁሉ ከዐሥር እጥፍ በላይ ትጠይቃለች። በውጭ አገር መጻሕፍት ለቤት ከተሰጡት የጫና ስሌቶች መካከል ይህን የመሰለ፣ ከሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ሙሉ ኃይል የሚስብ የእንጀራ መጋገሪያ አይገኝም። ስለዚህ የእኛ ሰሌዳ ከውጭ በተቀዳ ልክ ብቻ ሊሠራ አይችልም።

በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከኮረንቲው ካሬ ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ኮረንቲው ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ምጣዱንና ምድጃውን በአንድነት እንዲሸከም ሲደረግ፣ ጉዳቱ በአንድ ቀን ሳይሆን በዓመታት ውስጥ ልባሱን አድርቆና ሰነጣጥቆ ይገለጣል።

የይዞታው ለውጥ

ከጫናው ባልተናነሰ ሰሌዳውን የጎዳው ሁለተኛ ምክንያት የቤት ይዞታ ታሪክ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በመላው አገሪቱ የቤትና የተከራይን ግንኙነት ለወጠው። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ለጥገና የሚተርፈው ገንዘብ ግን በዚያው ልክ አነስተኛ ሆነ።

ከኤሌክትሪክ አንጻር ሲታይ ውጤቱ ይህ ነው። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ አዲስ ሰሌዳ ለመግጠም ገንዘቡን አያወጣም። አከራዩ አካል ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚያፈስ ጣራና ለወደቀ ግድግዳ ነው። አቅራቢው መሥሪያ ቤት ደግሞ ድርሻው እስከ ቆጣሪው ነው። ሰሌዳዋ በሦስቱ መካከል ያለ ባለቤት ቀረች። በዚህ ላይ አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ ማካፈል የተለመደ ሆነ። ከዋናው ሰሌዳ ለጓሮ ቤት፣ ከጓሮ ቤት ለማድ ቤት፣ ከማድ ቤት በመንገድ ዳር ለተከፈተች ሱቅ ሽቦ ተቀጠለ። የግል ቤቶችም ቢሆኑ ክፍል እየሸነሸኑ በማከራየት ከዚሁ ዕጣ አላመለጡም።

ምርመራው የሚያገኘው

እንዲህ ባለ ቤት የሚካሄድ የደኅንነት ምርመራ በዓይን ይጀምራል፤ በመለኪያ ይቀጥላል። በዓይን የሚታየው የጠቆረ የፊውዝ መያዣ፣ የላላ ቡሎን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ መቀጠያ ነው። ከምሰሶ የሚመጣው የአሉሚኒየም ሽቦ ከቤቱ መዳብ ጋር ያለ ተገቢ ማገናኛ በእጅ ተጠምዝዞ ከተገኘ፣ በእርጥበት ጊዜ ሁለቱ ብረቶች ተበላልተው መጋጠሚያው እየላላ እንደሚግል ይታወቃል።

ከዓይን የሚሰወር አንድ አደገኛ ነገርም አለ። በቀድሞው ልማድ ፊውዝ በፌዙም በኒውትራሉም ላይ ይገጠም ነበር። የኒውትራሉ ፊውዝ ብቻ የቀለጠ እንደሆነ አምፑሉ ይጠፋል፤ ቤተሰቡም መብራት የለም ብሎ ያምናል። ሶኬቱና ሽቦው ግን ሙሉ 220 ቮልት እንደ ተሸከሙ ናቸው። ለጥገና እጁን የሚሰድደውን ሰው የሚገድለው ይህ ዓይነቱ የሐሰት ጨለማ ነው።

በመለኪያ ሲፈተሽ በቅድሚያ የሽቦው ልባስ ይመዘናል። ኃይል ተቋርጦና ዕቃዎች ተነቅለው በ500 ቮልት ሲፈተሽ የልባሱ ተቃውሞ ከ1 ሜጋ ኦም በታች መሆን የለበትም። ቀጥሎ የመሬት ሽቦ መኖሩና የመሬቱ ተቃውሞ ይለካል። በብዙ ቀደምት ቤቶች ባለ ሦስት ቀዳዳው ሶኬት ይገኝና ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ሆኖ ይታያል። ይህም ጥበቃ ሳይኖር ጥበቃ ያለ የሚያስመስል ነው።

ስለ እሳት አደጋ ስንናገር «ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» የማለት ልማድ አለን። ይህ ቃል ምርመራን የሚዘጋ እንጂ የሚከፍት አይደለም። ኮንታክቱ የተፈጠረው ከላላ ቡሎን ነው፣ ከደረቀ ልባስ፣ ወይስ ከመዳብ ከተጠመጠመ ፊውዝ? ለምን አልተቋረጠም? እያንዳንዱ መልስ የተለየ መፍትሔ ይጠይቃል። ለሁሉም አንድ ስም ሲሰጥ ግን ከአንዱ ቃጠሎ ለሚቀጥለው ቤት የሚተርፍ ትምህርት አይኖርም።

ሰሌዳውን መለወጥ ምን ማለት ነው

ከምርመራ በኋላ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ፊውዙን በብሬከር ለውጡልኝ» ብሎ ነው። ይህ ብቻውን ከተፈጸመ ሥራው ግማሽ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ አደጋን ይጨምራል። ዕድሜ በጠገበው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ «እንዳይወድቅ» በሚል ባለ 32 አምፔር ብሬከር መግጠም፣ መዳብ ከመጠምጠም የሚለየው በመልኩ ማማር ብቻ ነው። የብሬከሩ መጠን የሚወሰነው በዕቃው ፍላጎት ሳይሆን በሽቦው አቅም ነው። በተለመደው አሠራር ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከ16 አምፔር ጋር ይሄዳል። ለምጣድና ለምድጃ ደግሞ ለየራሳቸው ከሰሌዳው የሚነሣ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መሥመር ያስፈልጋል።

የመሬቱ ነገር ከዚህ ይልቃል። የቤቱ የመሬት ዘንግ ተቃውሞ 20 ኦም ነው እንበል። የምጣዱ አካል ፌዝ ቢነካ በመሬት በኩል የሚሄደው ኮረንቲ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ባለ 20 አምፔሩ ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጫና ቆጥሮ ዝም ይላል፤ ብረቱም ኮረንቲ እንደ ተሸከመ ይቆያል። ያመለጠ ኮረንቲ የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር መሣሪያ ግን ከሚያስፈልገው በሦስት መቶ እጥፍ የሚበልጥ ምልክት ስለሚያገኝ በቅጽበት ይከፍታል። የመሬት ሽቦና ይህ መሣሪያ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ መሆናቸው ከዚህ ስሌት ይታያል።

እዚህ ላይ ከማድ ቤት የሚመጣ አንድ እንቅፋት አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግለው ሽቦ የተቀመጠው በሸክላው ጎድጓዳ መሥመር ውስጥ ነው። ሊጥ የፈሰሰበት ወይም ሳይጋገርበት የቆየ ሸክላ እርጥበት ይይዛል፤ በእርጥበቱም በኩል ጥቂት ኮረንቲ ያመልጣል። መሣሪያው ይቆርጣል፤ እንጀራው ይበላሻል። ባለቤቲቱ ትማረራለች፤ የተጠራውም ሠራተኛ መሣሪያውን አልፎ በቀጥታ ያገናኘዋል። ከዚህ ለመዳን መሣሪያውን መውቀስ አይገባም። ምጣዱ የራሱ መሥመርና የራሱ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መሣሪያ እንዲኖረው፣ አካሉ ከመሬት ሽቦ ጋር እንዲያያዝ፣ የተሰነጠቀው ሸክላ እንዲለወጥ ማድረግ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ምጣዱ ቢቆርጥም የቤቱ መብራት አይጠፋም፤ ባለቤቲቱም መሣሪያውን እንደ ጠላት አታየውም።

የሰሌዳው ሣጥንም ራሱ ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር ከፕላስቲክ በተሠሩ የቤት ሰሌዳዎች የሚነሣ እሳት ስለ በዛ፣ ከእ.ኤ.አ. 2016 መባቻ ጀምሮ አዲስ የሚገጠም የቤት ሰሌዳ እንደ ብረት ካለ የማይቀጣጠል ነገር እንዲሠራ ደንቡ ደነገገ። ለእሳቱ ትልቁ መነሻ የላላ ቡሎን ነበር። የእንጨት ሰሌዳ ግድግዳቸው ላይ ላለ የጭቃ ቤቶቻችን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው።

ስለ ሕጉና ስለ ባለሙያው

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። ለሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የወጣው የአገራችን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 የኤሌክትሪክ ሥራን የሚቆጣጠር ኤጀንሲ አቋቁሟል፤ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ይህን ኃላፊነት ለኢነርጂ ባለሥልጣን አስተላልፏል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ወጥቶ ነበር። ይሁንና እነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚደርሱት አዲስ ለሚሠራው ሕንፃ ነው። ከሕጉ በፊት የተሠራው፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው፣ አሥር ጊዜ የተቀጠለው ቤት የሚመረመረው አደጋ ከደረሰ ወይም ባለቤቱ ራሱ ከጠራ ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት የሙያ ማኅበር ብቻውን ሊሞላው አይችልም፤ ሊያጠበው ግን ይችላል። የመጀመሪያው ተግባር ከየምርመራውና ከየለውጡ በኋላ በሰሌዳው መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዲት ወረቀት መለጠፍ ነው። በወረቀቷ ላይ ቀኑ፣ የልባሱና የመሬቱ ልክ፣ እያንዳንዱ ብሬከር የሚያገለግለው ክፍልና የሽቦው ውፍረት፣ የሠራውም ባለሙያ ስም ይጻፋል። ሁለተኛው በአንድ ቆጣሪ ሥር ለሚኖሩ አባወራዎች ወጪውን ተጋርተው ቢያንስ ዋናውን ሰሌዳ፣ የመሬቱን ዘንግና ባለ 30 ሚሊ አምፔሩን መሣሪያ እንዲያስገቡ ማስረዳት ነው። ሦስተኛው ለወጣት ሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት የምጣድን ጫና እንደ ዋና ርእስ ማስገባት ነው።

ማጠቃለያ

በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተመቱት ሁለት የሸክላ ፊውዞች በዘመናቸው ስሕተት አልነበሩም። አምስት አምፑል ለሚያበራ ቤት ተገቢ መከላከያ ነበሩ። ስሕተቱ ቤቱ ሲያድግ፣ ነዋሪው ሲበዛ፣ ማድ ቤቱ ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር እነርሱ ባሉበት መቅረታቸው ነው። ከግድቦቻችን የሚመጣው ኃይል ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ነው፤ የሚደርሰውም ወደ እነዚሁ ቤቶች ነው። ስለዚህ በፒያሳም ሆነ በሌላ ሠፈር፣ ሰሌዳ እንድንለውጥ ስንጠራ ጥያቄያችን «ስንት ብሬከር ይግባ?» ሳይሆን «በዚህ ቤት ምን ይጋገራል? ስንት አባወራ ይኖራል? መሬቱስ የት አለ?» የሚል ሊሆን ይገባል።